በሬው ከመሸጡ በፊት፦ የህክምና ወጪ ሲከብድ የትኛውን በር ቀድሞ ማንኳኳት ይሻላል?

አክስቴ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ጡቷ ላይ በወጣ እብጠት ምክንያት ነበር። ከአውቶቡስ ስትወርድ ጥቁር ፌስታል በብብቷ ሸጉጣለች። ውስጡ የአልትራሳውንድ ውጤት፣ ሁለት የመድኃኒት ማዘዣ እና በመሀረብ የተቋጠረ ብር ነበር። ብሩ የአንድ የእርሻ በሬ ዋጋ ነው።

ያ ብር ሦስት ሳምንት አልቆየም። ምርመራው ቶሎ እንዲያልቅ ብለን ሁሉንም በግል አሰራነው። ናሙና፣ ሲቲ ስካን፣ የደም ምርመራ፣ ታክሲ። ቋጠሮው ሲቀል ፌስታሉን አልጋ ላይ ገለበጥነው። ከታች በላስቲክ የተጠቀለለ የጤና መድን መታወቂያ ወጣ። አክስቴ መዋጮዋን በየዓመቱ ስትከፍል ኖራለች። ሪፈር፣ ማለትም ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የመላኪያ ወረቀት፣ ሳታስጽፍ ቀጥታ ስለመጣች ግን መታወቂያው አዲስ አበባ ላይ አልሰራላትም። «ይሄ እኮ ለጤና ጣቢያ ብቻ መስሎኝ ነው» አለችን። ሪፈሩን ለማምጣት ያን ሁሉ መንገድ ተመልሳ ሄደች። ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ በሬው ዛሬም ያርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ሰው ታሞብኝ እጅ አጠረኝ» ብሎ ሲደውልልኝ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው የማወራው። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ጥሪቱን ይሸጣል። ቀጥሎ ይበደራል። ከዚያ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። መብቱ የነበረውን ነገር የሚሰማው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። መሄድ ያለበት ተገላቢጦሽ ነው፤ ሽያጭና ብድር መጨረሻ ላይ ይቀመጡ።

ከሁሉ በፊት ለሐኪሙ የሚቀርብ ጥያቄ

ከምርመራ ክፍሉ ሳትወጡ ይህንን ጠይቁ፦ ይህ ህመም ታክሞ የሚያልቅ ነው ወይስ አብሮን የሚቆይ? የትኛው እርዳታ እንደሚያዋጣችሁ የሚወስነው መልሱ ነው።

የሞራ ግርዶሽ፣ የተሰበረ እግር፣ ሀሞት ጠጠር አንድ ጊዜ ብር ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ያበቃሉ። የኩላሊት እጥበት፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኬሞ ግን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይመለሳሉ። ለመጀመሪያዎቹ የሰው መዋጮ ሊበቃ ይችላል። ለሁለተኞቹ አይበቃም። ወዳጅ ዘመድ አንዴ ይሰጣል፣ ሁለቴ ይሰጣል፣ በአራተኛው ጊዜ ስልክ ማንሳት ይከብደዋል። እሱም የራሱ ጓዳ አለበት። የኩላሊት እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚታዘዘው። ብር ሲጠፋ ሰዎች ወደ ሁለት ያወርዱታል፣ ከዚያም ወደ አንድ። ይህንን በዓይኔ ያየሁት ጎረቤታችን ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ በተደረገለት ትልቅ መዋጮ የተሰበሰበው ብር አምስት ወር አላደረሰውም። ለእንደ እሱ ያለ ሰው ትንሽም ብትሆን በየወሩ የማትቋረጥ ምንጭ ትሻለዋለች። መዋጮው የመጣ ቀን ያንን ምንጭ መፈለግ ነበረብን፤ እኛ ግን በደስታ አቀፍነውና ወደ ቤታችን ሄድን።

በነፃ የሚሰጠውን አትክፈሉ

በመንግስት ጤና ተቋማት ለማንኛውም ሰው በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። የቲቢ ህክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የህፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ እቅድ፣ የሥጋ ደዌ ህክምና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለእነዚህ የድህነት ማስረጃ አያስፈልግም።

የፌስቱላ ህክምናም እንዲሁ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ የመሰረቱት ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ታካሚዎቹን አያስከፍልም። ከአዲስ አበባ ሌላ በባህር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት አሉት። ይህንን ሳያውቁ ዓመታት ከሰው ርቀው የተቀመጡ እናቶች ስላሉ ለምታውቋት ሁሉ ንገሩልኝ።

የደም ባንክ ደምም ለታካሚ አይሸጥም። «ደም አገኝላችኋለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ኮሪደር ላይ ከገጠማችሁ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ተናገሩ።

የጤና መድን ወይስ የነፃ ህክምና ወረቀት?

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው የሀገሪቱ ክፍል የሰፋው። ደመወዝተኛ ላልሆነው፣ ለገበሬውና በራሱ ስራ ለሚተዳደረው ነው የታሰበው። መዋጮው በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፈላል። አባት ሲመዘገብ ሚስትና ልጆች አብረው ይገባሉ። መጠኑ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይና ስለሚሻሻል የወረዳችሁን ጤና መድን ባለሙያ ጠይቁ። ከአንድ ከባድ ህመም ወጪ ጋር ስታነጻጽሩት የሚከብድ አይሆንም።

የነፃ ህክምና ወረቀት ደግሞ መክፈል ለማይችል ሰው ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የሚሰጥ ማስረጃ ነው። ሰፈሩ በሚያውቃቸው ሰዎች ተጣርቶ ነው የሚጻፈው። በብዙ ቦታ አሁን የድሃ ድሃ ተብለው የተለዩ ቤተሰቦች መዋጯቸው በመንግስት እየተሸፈነ በቀጥታ ወደ መድኑ ይገባሉ። ስለዚህ ወረዳ ስትሄዱ «ነፃ ወረቀት ጻፉልኝ» ከማለት «በመንግስት ድጎማ መድን ውስጥ አስገቡኝ» ማለት ይሻላል። ወረቀቱ አንዳንዴ የሚጻፈው ለአንድ ህክምና ብቻ ነው። የመድን መታወቂያ ግን ዓመቱን ሙሉ ለመላው ቤተሰብ ያገለግላል።

ሁለቱን ካነጻጸርን መክፈል ለሚችል ሰው መድኑ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ችግሩ ጊዜው ነው። ምዝገባውና እድሳቱ የሚካሄድበት ወቅት አለው። ወቅቱ ካለፈ የሚቀጥለውን መጠበቅ ይመጣል። ታመው የሚመዘገቡበት ነገር አይደለም። አሁን ጤነኛ ሆናችሁ ይህንን የምታነቡ ሰዎች ዛሬ ወረዳችሁ ደውሉ፤ ከዚህ ጽሑፍ ይህችን ብቻ ብትወስዱ ይበቃኛል።

የመድኑ መንገድ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ወደ ከፍተኛው። ሰንሰለቱን ዘሎ የሄደ ሰው እንደ አክስቴ ከኪሱ ይከፍላል። ድንገተኛ ሲሆን ሌላ ነው፤ ሰው ደም እየፈሰሰው ሪፈር አይፈለግም፤ ወረቀቱን ቤተሰብ በኋላ ያሟላል። ከሀገር ውጭ የሚደረግ ህክምና፣ መነፅር፣ ሰው ሰራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ህክምና መድኑ ውስጥ የሉም።

ሰው በጣም የሚማረርበት «መድኃኒቱ የለም» የሚለው መልስ ነው። ምሬቱ ልክ ነው። በዚህ ጊዜ ማዘዣው ላይ እንደሌለ አስጽፋችሁ ማህተም አስደርጉ። መድኑ ውል የገባበት መድኃኒት ቤት ካለ ጠይቁ። ከራሳችሁ መግዛት የግድ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ የከነማንና የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤቶች ቀድማችሁ ሞክሩ፣ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ደረሰኙን አትጣሉ።

በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው ሌላ በር አለ። ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው አዋጅ 799/2005 ያስገድዳል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን በእጃችሁ አድርጉ። ሹፌሩ «በሽማግሌ እንጨርስ» ብሎ ትንሽ ብር ሲሰጥ ተቀብለው የመድን መብታቸውን ያጡ ብዙ ናቸው።

በበሽታው ስም የቆሙ ድርጅቶች

መድኑ የማይደርስበትን ቀዳዳ የሚሞሉት እነዚህ ናቸው። ከመድንም ከመዋጮም የሚለያቸው ብር በእጅ አለመስጠታቸው ነው። ቀዶ ህክምናውን ራሳቸው ይሰራሉ፣ ወይም መድኃኒቱን ይገዛሉ፣ ወይም ማደሪያ ይሰጣሉ። ይህ ለአንዳንድ ሰው ቅር ይለዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። እርዳታው በቀጥታ ህመሙ ላይ ያርፋል፣ ቤተሰብም በብሩ አይጣላም።

የልብ ችግር ላለበት ልጅ የኢትዮጵያ የልብ ህሙማን ህፃናት መርጃ ድርጅት አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው የመሰረቱት። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰራል። ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ልጁ የልብ ችግር አለበት በተባለ ሳምንት ተመዝገቡ፣ እስኪብስ አትጠብቁ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። በሀገራችን የብዙ ልጆችን የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ህመም ነው። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ በጊዜ ጤና ጣቢያ መውሰድ ከማንኛውም ቀዶ ህክምና ይረክሳል።

ለካንሰር ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው የመሰረቱት። ካንሰር ለያዛቸው ህፃናት ደግሞ ተስፋ አዲስ አለ፣ እሱም ከወላጆች የተነሳ ነው። የሁለቱም ትልቁ ነገር ለኔ ማደሪያው ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የጨረር ህክምና ለረጅም ዓመታት በመላ ሀገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ያሉ ቦታዎችም ጀምረዋል። ጨረር በየቀኑ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው፣ ታካሚው ግን ሆስፒታል አይተኛም። ጠዋት ደቂቃዎች ይታከማል፣ ከዚያ ሂድ ይባላል። ወዴት?

አክስቴ እኛ ቤት አደረች። ከጎኗ ቀጠሮ ትጠብቅ የነበረችው ከወሎ የመጣች ሴት ግን የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ቀን ቀን ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሲመሽ አጥሩ ስር ካርቶን ታነጥፋለች። ብር ብንሰጣት ኖሮ በአንድ ሳምንት አልጋ ኪራይ ያልቅ ነበር። የተረፈችው አንዲት ሶሻል ወርከር ወረቀት ጽፋ ማደሪያ ወዳለው ድርጅት ስለላከቻት ነው። እዚያ ሾርባም፣ ወደ ሆስፒታል የሚያመላልስ መኪናም አገኘች። ህክምናዋን ጨርሳ ስትሄድ ለአክስቴ ስልኳን ሰጥታታለች፣ እስካሁን ይደዋወላሉ።

ሶሻል ወርከሯን ልብ በሉ። በትልልቅ ሆስፒታሎች የማህበራዊ አገልግሎት ክፍል አለ። ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። የትኛው ድርጅት ዛሬ ቦታ እንዳለው፣ የትኛው ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ የሚያውቁት እዚያ ያሉት ናቸው። በራሳችሁ ሄዳችሁ ሦስት ቀን ደጅ ከምትጠኑ የእነሱ አንድ ደብዳቤ ይቀድማል።

ሌሎችም አሉ። ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ለተወለደ ልጅ ስማይል ትሬይን በአጋር ሆስፒታሎች በኩል ቀዶ ህክምናውን በነፃ ያሰራል። መቄዶንያ ለህክምና ብር የሚሰጥ የሚመስላቸው አሉ፤ ማዕከሉ የሚያነሳው ደጋፊ አጥተው ጎዳና የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ህሙማንን ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው ሌላ በር ይፈልግ።

እውነተኛ ድርጅት ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን የተሰጠ ምዝገባ አለው። ማሳየት አይከብደውም። «ለፋይል ማስከፈቻ» ወይም «ለፎርም» ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ዞር በሉ።

ዕድር እና ዕቁብ

ዕድር ሃያ ዓመት ከፍለንበት ስንታመም ዝም ሲል ያማል። ግን ብዙው ዕድር የቆመው ለቀብር ነው፣ ገንዘቡም በዚያ ልክ የተሰላ ነው። የናንተን ውስጠ ደንብ አንብቡ። ለታመመ አባል የሚሰጥ ወይም በብድር የሚያወጣ አንቀጽ ያላቸው ዕድሮች አሉ። ከሌለ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሐሳቡን አንሱ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ከመትከል በፊት ሲታመም መድረስ ለዕድሩም አይከፋም።

ዕቁብ ስጦታ አይደለም። የራሳችሁን ብር ቀድማችሁ መውሰዳችሁ ነው። ለሰብሳቢው ችግራችሁን ነግራችሁ እጣውን ብትጠይቁ አብዛኛው አባል ይስማማል፣ ዋስ ግን ይፈለጋል። ታክሞ ለሚያልቅ ህመም ከአራጣ ብድር በብዙ ይሻላል። ለማያልቅ ህመም አልመክርም። በወሩ ኬሞውም ዕቁቡም እኩል ይጠይቋችኋል፣ ዋስ የሆነው ወዳጃችሁም አብሮ ይጎዳል።

የባንክ ሂሳብ፣ ቲክቶክ እና ጎፈንድሚ

የአደባባይ ጥሪ እንደ እሱ ፈጣን የለም። በአንድ ሌሊት ሌላው በር በወር የማያመጣውን ሊያመጣ ይችላል። ዋጋው ግን የታማሚው ገመና ነው። የህፃን ልጅ የተገለጠ ገላ አንዴ ከተለቀቀ አይመለስም። ልጁ ድኖ ትምህርት ቤት ሲገባ ቪዲዮው ይከተለዋል። ፊቱን ሳታሳዩ፣ ማህተም ያረፈበትን የሆስፒታል ፕሮፎርማ (የዋጋ ማሳወቂያ) አሳዩ፤ ስልክና የካርድ ቁጥር ሸፍኑ። ሂሳቡን በሦስት ሰው ስም በጣምራ ክፈቱ፤ አንዱ ከቤተሰብ ውጭ ይሁን። የገባውን ብር በየሳምንቱ ተናገሩ፣ ሲሞላም «ሞልቷል፣ አቁሙ» በሉ። የተረፈ ብር ካለ ለምን እንደሚውል ከመጀመሪያው አስታውቁ፤ ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ቀጥታ ብር አያወጣም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ በስሙ ይከፍተዋል። አሜሪካ ላይ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ዘመዳችን ታማኝ ነው ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ስራ በዝቶበት ሳለ በየጊዜው ይከታተላል ወይ?» የሚለውም ነው። ገጹ ላይ ከታማሚው ጋር ያለውን ዝምድናና ብሩን በምን መንገድ እንደሚልክ ይጻፍ።

እዚህ ካለ የባንክ ሂሳብና ከጎፈንድሚ የትኛው? ህክምናው እዚህ ከሆነ በብር ሰብስቡ። ውጭ ሀገር ከሆነ ዶላሩን እዚያው አቆዩና ዘመድ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይክፈል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለህንድ ህክምና በብር ሲሰበስቡ የነበሩ ቤተሰቦች ሞላልን ሲሉ ግማሽ ላይ ቀሩ።

ወደ ውጭ ከማሰባችሁ በፊት ደግሞ እዚህ ይሰራ እንደሆነ ጠይቁ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰራ ቆይቷል፣ ኩላሊቱን የሚሰጠው የታማሚው ዘመድ ነው። በርግጥ እዚህ የማይቻል ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመጠየቅም ያው ወረቀት ነው የሚፈለገው።

ጓዳውስ?

ህመም የቤት ኪራይንም ይበላል። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆናችሁ በአዋጅ 1156/2011 መሰረት የህመም ፈቃድ እስከ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ደመወዝ። የሐኪም ማስረጃውን በጊዜ አስገቡ። ታመው በራሳቸው ፈቃድ ስራ የለቀቁ ሰዎች ይህንን መብት አብረው ጥለውታል። መስራት የማይችልና ደጋፊ የሌለው ሰው ባለበት ከተማ ሴፍቲኔት (የመንግስት የድሆች ድጋፍ) ካለ በቀጥታ ድጋፍ እንዲመዘገብ ወረዳውን ይጠይቅ።

ወረቀቱ

የትኛውንም በር ብታንኳኩ የሚቆማችሁ ስም ነው። በቀበሌ መታወቂያው፣ በሆስፒታል ካርዱ፣ በሪፈሩና በባንክ ደብተሩ ላይ ያለው የአያት ስም ሳይቀር አንድ ይሁን። አክስቴ ሪፈሩን ይዛ ስትመለስ የአያቷ ስም ተሳስቶ ተጽፎ ሌላ ሁለት ቀን ወስዶብናል። ማህተሙ የደበዘዘ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ በድጋሚ አስመቱት። ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጉ፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ፣ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱት።

አክስቴ ሪፈሩን ይዛ ስትመለስ ፌስታሉን ትታ ወረቀቶቿን በሰማያዊ ፋይል አድርጋ ነበር የመጣችው። ሆስፒታሉ ያልነበረውን መድኃኒት ከውጭ ገዛን። የቀረውን መድኑ ቻለው።